በጉርሻ የተካፈሉት መድኃኒት

ያንን የጭልጋ ሰው አልወደውም። ቀድሜ የምናገረው የነፍስ አባቴም፣ ጎረቤቶቼም፣ የገዛ ወንድሜም «ይቅር በይ» እያሉ ስላሰለቹኝ ነው። ይቅር ብያለሁ ብዬ መስቀል ተሳልሜያለሁ። መውደድ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ማንም በግዝት አያመጣውም። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም፤ የሰጡትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው ነው፣ እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

አዘዞ ላይ ወፍጮ ቤት አለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሞተሩንም፣ ሚዛኑንም፣ ከገበሬ ጋር ጭቅጭቁንም የያዝሁት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ከሞተር በላይ ስጮህ ኖሬ አሁን ቀስ ብለሽ ተናገሪ ቢሉኝ ከየት አመጣዋለሁ? ቁጡ ናት ይሉኛል። ቁጡ ነኝ። በዚህ ድምፅ የማይደነግጠው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው፤ እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ ይል ነበርና ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ልጅ አልወለድሁም፤ ያለኝ እሱ ነው። እሱም ከቆላ ድባ ወረድ ብሎ ደንቢያ ሜዳ ላይ ያርሳል። ማለቴ፣ ያርስ ነበር።

በዚያ ዓመት ጤፉን ወደ እኔ ሊያመጣ የጭነት ማኪና ላይ ወጥቶ ጆንያ ሲያደላድል ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ። ቀኝ ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጣ። ወጌሻ ጠርተው አጥንቱን ወደ ቦታው አስገቡለት፣ በሸንበቆ አሰሩለት። ሳምንት ሳይሞላ ቁስሉ መግል ቋጠረ። ይህን ስሰማ እኔ ብልጧ ያለ ሐኪም ማዘዣ ካፕሱል ገዝቼ በማኪና ላክሁለት። ግማሹን ዋጠ፤ ግማሹን እየፈለቀቀ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰው። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምናደርገው፤ የተረፈውንም ለታመመ ጎረቤት እንሰጣለን። ቁስሉ ደረቅ ሲል ያቆማል፣ ሲያመረቅዝ ሌላ እልክለታለሁ። አምስት ወር እንዲህ ተጫወትን።

በመጨረሻ ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው ጎንደር አንድ ሆስፒታል አስተኛሁት። ያከመችው ዶክተር ወጣት ናት፤ ልጅ ወልጄ ቢሆን በእሷ ዕድሜ ነበር የሚሆን። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፣ ይህም ያናድደኝ ነበር፤ ሰው ክፉ ነገር ሲናገር ትንሽ እንኳ መጮህ አለበት። ከቁስሉ ፈሳሽ ወስዳ አስመረመረችና ጀርሙ አጥንት ውስጥ ገብቷል፣ ያለውን መድኃኒትም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ተላምዷል አለች። የምን ካፕሱል ወስዶ እንደነበር ጠየቀችኝ። ስሙን አላውቅም፣ ቀለሙን ነገርኋት። ጻፈችው።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ አለች። አንደኛው እግሩን ከጉልበቱ በታች መቁረጥ ነው። ሁለተኛው አንድ አዲስ መድኃኒት እየተጠና ስለሆነ፣ እሱ ከፈቀደ ጥናቱ ውስጥ ማስገባት ነው።

ድንቄም ጥናት! ወንድሜ አይጥ ነው ወይ አልኋት፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ልጅቱ አልተቆጣችም። መድኃኒቱ ከዚህ በፊት በሌሎች ሰዎች ተሞክሮ ለነፍስ እንደማያሰጋ መታየቱን፣ ሊያድነውም ላያድነውም እንደሚችል፣ በፈለገ ቀን መውጣት እንደሚችል ነገረችን። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጠችው። ወንድሜ ድቁና ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነው፣ ንባብ አይቸግረውም፤ ቃል በቃል አነበበው። እኔ አይሆንም ስል ዶክተሯ የሚወስነው እሱ ነው አለችኝ። ያሳደግሁት እኔ፣ የሚወስነው እሱ። ፈረመ።

ከአጠገቡ አልጋ የተኛው ያ የጭልጋ ሰው ነበር። በዕድሜ ከወንድሜ ይበልጣል፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ግራ እግሩ ላይ እንደ ወንድሜ ያለ የማይሽር ቁስል አለው። አስታማሚ የለውም፤ መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ስለሚዘጋ ሚስቱ መምጣት አልቻለችም። ወንድሜ በሁለተኛው ቀን «አያ» እያለ ይጠራው ጀመር። እኔ ከአዘዞ በሚኒባስ ምሳ አመጣለሁ፤ ለአንድ ሰው ያመጣሁት ለሁለት ይሆናል። ያኔ አልጠላሁትም፤ እንዲያውም እንዳያንሳቸው ትልቁን ምሳ ዕቃ መያዝ ጀመርሁ። እሱም ጥናቱ ውስጥ ለመግባት ፈረመ።

ጥናቱ እንዲህ ነው፦ ግማሾቹ ታማሚዎች አዲሱን ያገኛሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከቀድሞዎቹ የተሻለ የሚባለውን። ማን የቱን እንደሚያገኝ የሚለየው ኮምፒውተሩ ነው፣ እንደ እጣ። እጣው የወጣ ቀን ለወንድሜ አዲሱ ደረሰው፣ ለጭልጋው ሰው የቀድሞው። እኔ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እልል አልሁ። ነርሶቹ ዝም በይ አሉኝ፤ ጆሮዬን ቢቆርጡኝም አልሰማኋቸው።

ወንድሜ ግን ፊቱ ጠቆረ። መሬት በእጣ ይካፈላሉ፣ ያም ቢሆን ለሁሉም ቁራሽ ይደርሰዋል፤ የሰው እግር እንዴት በእጣ ይሆናል አለ። ዶክተሯ የትኛው እንደሚሻል ገና እንደማይታወቅ፣ ጥናቱም ይህንኑ ለማወቅ እንደሆነ አስረዳችው። አልተዋጠለትም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልተዋጠልኝም፤ አዲሱ ካልተሻለ ለምን ደከሙ ብዬ ነው የማስበው። ልዩነታችን እኔ ደስ ብሎኝ እሱ ማዘኑ ነበር።

ትኩሳታቸው ሲበርድ መድኃኒቱን ቤታቸው ሆነው እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለስድስት ሳምንት። በየሳምንቱ ብልቃጣቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ የቀረው ይቆጠራል፣ ቁስሉ ይታያል። የወንድሜ ነጭ ካፕሱል ነው፤ የሰውየው ቢጫ ክኒን። ለየራሳቸው የታዘዘውን ብቻ እንዲወስዱ ዶክተሯ ደጋግማ ነገረቻቸው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሆስፒታሉ በር ላይ ባጃጅ ስፈልግ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ።

«እታለም፣ አያ የሚያርፍበት የለውም። እኔ ጋ ይሁን።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። በየሳምንቱ ጭልጋ ደርሶ መመለስ እንደማይችል አውቃለሁ፤ መንገዱን ማን ያምነዋል። ምነው ዘመድ የለውም ወይ አልሁ። የለውም። ከወፍጮው ጀርባ ጆንያ የማስቀምጥበት ክፍል ነበረኝና አስለቅቄ ሁለት ፍራሽ አነጠፍሁ። ሰውዬው ሲገባ ግንባሩ መሬት እስኪነካ አመሰገነኝ። ብዙ የሚያመሰግን ሰው አላምንም።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሸጋ ነበር። ቁስላቸውን በተፈላ ውኃ የማጥብላቸው፣ ፋሻ የምቀይርላቸው እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት የሁለቱም ደረቅ አለ። ወንድሜ ተደግፎ እስከ ወፍጮው በር ይመጣና ከገበሬዎች ጋር ስለ ዝናብ ያወራል፤ ክረምቱ ሳይገባ አገሬ እመለሳለሁ ይላል። ከዚያ በአራተኛው ሳምንት የእሱ ፋሻ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። በማግስቱም እርጥብ ነው። የሰውየው ግን ይጠግጋል። አንድ ቤት፣ አንድ ምግብ፣ አንድ እጅ የሚያጥባቸው፤ አዲሱን መድኃኒት የሚወስደው የእኔ ወንድም፣ የሚድነው ሰውዬው! ሆስፒታል ሄድን፤ ብልቃጡን ቆጠሩ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ዶክተሯ ግንባሯን ቋጠረች፣ ትንሽ እንጠብቅ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ደህና አደሩ ሲለኝ በአንገቴ ነው የምመልስለት። ያልበደለኝን ሰው እንደዚያ ማየቴ ነውር ነው እያልሁ ራሴን እገሥጽ ነበር። ወይ ነዶ፣ ለካ ልቤ ቀድሞ አውቋል!

አንድ ጠዋት ወፍጮውን አስነስቼ የመጀመሪያውን ጆንያ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። ቀበቶው ቆመ፣ ቤቱ ጸጥ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ይመጣል ብዬ ደጅ ላይ እቀመጥ ነበር፤ ያን ዕለት ፋሻ ልቀይርላቸው ወደ ጓዳው ዞርሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሁለቱ ፍራሹ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ወንድሜ ነጩን ካፕሱል በጣቶቹ ይዞ፣ ሌላውን እጁን ከሥር አድርጎ፣ ለሰውየው አጎረሰው። ሰውዬው ደግሞ ቢጫዋን ክኒን አንሥቶ ለወንድሜ አጎረሰ። ካንድ ጣሳ ውኃ ተቀባበሉ። ከዚያ ሰውዬው «እግዜር ያክብርህ» አለ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። እኔ ግን መድኃኒት የሚጎራረስ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። በሩን እንዴት እንደከፈትሁት አላስታውስም። ስጠይቅ ወንድሜ ምንም አልደበቀኝም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እኔ ወፍጮውን ሳስነሣ ይለዋወጣሉ፤ ማታ የየራሳቸውን ይውጣሉ። ለዚህ ነው ቁጥሩ ልክ የሚመጣው። ማታለል አልመሰለውም። እጣው ያበላለጠውን ያስተካከለ ነው የመሰለው።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አለኝ።

ይሄ ምግብ መሰለህ ወይ ብዬ ጮህሁበት። ሞተሩ ስለቆመ ድምፄ እስከ አስፋልቱ ተሰምቷል፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ሰውየውን እስከዚያ ቀን «አንቱ» እንጂ አንተ ብዬው አላውቅም።

«አንተ» አልሁት፣ «የወንድሜን እግር እየበላህ ነው!»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ላይ ፍርሃትም ቁጣም የለም።

«እኔ አልለመንሁም። ሲሰጠኝም እምቢ አላልሁም» አለ።

ደሜ ፈላ። ቢለምን ኖሮ ይቅር እለው ነበር፤ የቸገረው ይለምናል። እምቢ ቢል ኖሮ ደግሞ እግሩን እስመው ነበር። ሁለቱንም አላደረገም። ውጣ አልሁት። ጋቢውን አጠፈ፣ ብልቃጡን ኪሱ ከተተ፣ በትሩን አንሥቶ በጎረቤቶቼ መካከል እያነከሰ ሄደ። ወንድሜ ሊያስቀረው ሊነሣ ሲል እግሩ ከድቶት ፍራሹ ላይ ወደቀ። አንዳንዱ ሰው በአገሩ ጠልታው ነው ብሎ አውርቷል። ውሸት ነው። ከአክሱም ጽዮን ደጅ ቢመጣም አባርረው ነበር።

ወንድሜ ወዲያው ለመነኝ። አትንገሪ አለኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትም ማታም የራሴን ብቻ እውጣለሁ፣ ሁለት ሳምንት ይቀራል፣ ይበቃኛል፣ በእናታችን አጥንት። ምሎ ያፈረሰ ሰው አይደለም። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ለዶክተሯ ብነግራት መድኃኒቱን እንደ አዲስ ትጀምርለታለች ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ግን ለዚያ ብቻ አልሄድሁም። ሰውዬው በሆነ ነገር እንዲቀጣ፣ ያ ቢጫ ክኒንም ቢሆን እንዲቀርበት ፈልጌ ነው። ዱቄቱን ከነጠላዬ ላይ ሳላራግፍ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ዶክተሯ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ግማሽ መድኃኒት ለጀርም ምን ማለት እንደሆነ ነገረችኝ፤ እባብን መትተው ሳይገድሉ እንደመተው ነው፣ የተረፈው ዱላውን ያውቀዋል። ስለዚህ ከወንድሜ ቁስል ፈሳሽ እንደገና ይወሰድና ይመረመራል። ጥናቱን በተመለከተ ግን ሁለቱም ከዛሬ ጀምሮ ይወጣሉ፤ መድኃኒት የተቀያየረ ሰው ውስጥ ማቆየት አይፈቀድም፣ እሷም ብትሆን የምትለውጠው ነገር የለም።

እኔ ነግሬሽ እኮ ነው አልኋት፣ እኔ ባልነግርሽ ታውቂ ነበር? ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«መንገርዎ ልክ ነው እናቴ» አለችኝ።

ልክ መሆኑ ምን ይፈይድልኛል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የነበረው ለካ ለእኔ ነው። ቤት ስመለስ ወንድሜ ፊቴን አይቶ አወቀ። ብልቃጡን ራሱ አውጥቶ ሰጠኝ፣ ለሆስፒታሉ አስረከብሁ። የምርመራው ውጤት በሳምንቱ መጣ፤ ጀርሙ አዲሱንም መድኃኒት መልመድ ጀምሯል። ሌላ የሚሰጥ የለም። ሐኪሞቹ ተሰብስበው መከሩና ሳይውል ሳያድር መቆረጥ አለበት አሉ፤ ደሙ ውስጥ ከገባ እግሩ ብቻ አይሆንም የሚሄደው። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ያን ቀን ወደ ቆላ ድባ ማሳው ይወስደው የነበረው እግር ሲታሰበኝ ዋለ እንጂ እኔ አንዲት እንባ አላነባሁም። ተናደድሁ። በወጌሻው ተናደድሁ፣ በካፕሱሉ፣ በኮምፒውተሩ፣ በመብራት ኃይል፣ በዶክተሯ ዝግተኛ ድምፅ። ዝም ብዬ ብቀር ኖሮ በቀሩት ሁለት ሳምንታት ይድን ነበር ወይ ብዬ ዶክተሯን ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አላውቅም አለችኝ። ብትዋሸኝ ምን ነበረበት?

ስለ ሰውዬውም የሰማሁት ከእሷ ነው። ከቤቴ ወጥቶ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቃብር ቤት ውስጥ ተጠግቶ ነበር። ከጥናቱ ሲወጣ ያንኑ ቢጫ ክኒን እንደማንኛውም ታካሚ አዘዙለትና ጨረሰው። ዳነ። የእሱ ጀርም ሌላ ዓይነት ስለነበር ክኒኑ ከመጀመሪያውም ሳይበቃው አልቀረም አለች። ይህን ለወንድሜ የነገርሁት እኔ ነኝ፣ እንዲቆጨው ብዬ። የሰጠኸው ለማያስፈልገው ሰው ነው አልሁት። ያን ጊዜ እንደማያስፈልገው ማን ያውቅ ነበር አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አላናገረኝም።

አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠነው። ክራንቹን ከግድግዳው አስደግፎ ሚዛኑ ጋ ይቀመጣል፣ ገበሬዎች ይወዱታል፤ እኔ ከምመዝንላቸው እሱ ቢመዝንላቸው ይመርጣሉ። ማታ ማታ ስለ በሬዎቹ ያወራል። ከእኔ የሚጠይቀው ነገር የለም። ውኃ ሲጠማው እንኳ ራሱ እየተንፏቀቀ ይቀዳል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰውዬው መጣ። አንድ ቅል ማር ይዞ፣ በሁለት እግሩ እየተራመደ። ያ ማነከሱ የለም። ወንድሜ ክራንቹን ይዞ ተነሣ፤ አንገት ላንገት ተቃቅፈው ቆዩ። ሰውዬው የተቆረጠውን እግር አይቶ አለቀሰ። ወንድሜ አጽናናው። እኔ ሞተሩን ላጥፋው አላጥፋው እያልሁ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ አጠፋሁት።

«እታለም» አለኝ ወንድሜ፣ «አያ ከመናኸሪያ እስከዚህ በእግሩ ነው የመጣ። እግሩን እጠቢለት።»

አገር ቤት እንግዳ ከመንገድ ሲገባ እግሩ ይታጠባል። እኔ አዘዞ ከገባሁ ወዲህ የማንንም እግር አጥቤ አላውቅም፤ የባሌን እንኳ አላጠብሁም። እምቢ ልል አፌን ከፈትሁ። ግን እግሩ ከተቆረጠ ወዲህ ወንድሜ አንድ ነገር አድርጊልኝ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ውኃ አሞቅሁ፣ ሳፋውን አቀረብሁ።

ሰውዬው ሱሪውን ሰበሰበ። ቀኝ እግሩን አጠብሁ። ከዚያ ግራውን ያዝሁ። ቁስሉ የነበረበትን ቦታ እጄ ያውቀዋል፤ አራት ሳምንት ሙሉ ፋሻ የቀየርሁለት እኔ ነኝ። ደርቋል፣ ገጥሟል፣ መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም። ወንድሜ ከበላዬ ቆሞ ያየኛል። በአውራ ጣቴ ጠባሳው ላይ ጫን አልሁ፣ እግር ለማጠብ ከሚያስፈልገው በላይ።

«ያምዎታል?» አልሁት።

«ኧረ የለም እህቴ፣ ሽሯል» አለኝ።

ቢያመው ደስ ይለኝ ነበር።